ዘመድን ስለ ማወቅና ስለ መቀበል

ሰው የማያውቀውን ዘመዱን ባወቀ ጊዜ ምን ይገባዋል? ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ዘመድን አቅፎ መሳም፥ ከማዕድ አቅርቦ ማብላት፥ ስሙንም ከዘር ቍጥር ማግባት ነው ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው። ነገር ግን የተገኘው ዘመድ የገዛ ወንድምህ እንደ ከብት በገንዘብ ሲቈጥረው የኖረ፥ ልጁ ሆኖ ሳለ በልጅ ስም ያልጠራው ቢሆን፥ መተቃቀፉ ብቻውን ነገሩን ይፈጽመዋልን? እኔ ስለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ያሳሰበኝም በአሜሪካ አገር፥ በደቡብ ካሮላይና የኖረው የግሪምኬ ቤተ ሰብ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልኝ።

በቻርልስተን ከተማ ዳኛ ጆን ግሪምኬ የሚባል ባለጠጋ ነበረ። በ1752 ተወልዶ፥ አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ ለመውጣት በተዋጋችበት ዘመን በመኮንንነት ዘምቶ፥ ኋላም በአገሩ ከታላላቆቹ ዳኞች አንዱ ሆነ። ዐሥራ አራት ልጆች ወለደ። በከተማ ቤት፥ በገጠር ሰፊ እርሻ ነበረው፤ ቤቱንም እርሻውንም የሚያገለግሉት በገንዘብ የተገዙና ከተገዙት የተወለዱ ጥቁር ባሮች ነበሩ። ሕግ ዐዋቂ፥ የቤተ ክርስቲያን ሰው፥ ለልጆቹም ትምህርት የሚተጋ አባት ነበረ፤ ይህን ሁሉ መሆኑና የባሮች ጌታ መሆኑ ግን በአንድ ልብ ውስጥ ሳይጣሉ አብረው ኖሩ። ይህን የምጽፈው ሟቹን ለማሳጣት አይደለም፤ ክፋት ሁልጊዜ በክፉ ሰው መልክ የማይመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው እንጂ።

ከልጆቹ መካከል በ1792 የተወለደችው ሣራ ከሕፃንነትዋ ጀምሮ የቤቱ ሥርዓት ልብዋን ያስጨንቃት ነበረ። ባሪያን ማስተማር በአገሩ ሕግና ልማድ የተከለከለ ሳለ፥ እንድታገለግላት የተሰጠቻትን ልጅ በሌሊት መብራት አጥፍታ፥ የበሩን የቍልፍ ቀዳዳ ሸፍና፥ በምድጃው እሳት ብርሃን ብቻ ፊደል ታስቈጥራት ነበረ። ነገሩ ተገለጠና ተከለከለች። በ1805 የመጨረሻይቱ ልጅ አንጀሊና በተወለደች ጊዜ፥ ሣራ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች፥ ለእኅትዋ የክርስትና እናት ልሁናት ብላ ለምና ሆነቻት፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እስከ ሞት አልተለያዩም ማለት ይቻላል። ሣራ በ1821፥ አንጀሊና በ1829 ቻርልስተንን ትተው ወደ ሰሜን፥ ወደ ፊላዴልፊያ ሄዱ፤ በዚያም ባርነትን ከሚቃወሙት ጋራ ተባበሩ። አንጀሊና በ1836 ለደቡብ ክርስቲያን ሴቶች የጻፈችው መልእክት ወደ ቻርልስተን በደረሰ ጊዜ በእሳት ተቃጠለ፤ ወደ ትውልድ ከተማዋ ብትመለስ የምትታሰር መሆንዋም ተነገራት። በ1838 በማሳቹሴትስ በሕግ አውጪዎች ሸንጎ ፊት ቆማ ስለ ባሮች ተናገረች፤ በአሜሪካ ሴት እንዲህ ባለው ሸንጎ ፊት ስትናገር ያን ጊዜ የመጀመሪያ ነበረ። በዚያው ዓመት ቴዎዶር ዌልድ የተባለውን የባርነት ተቃዋሚ አገባች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኋላው ነገር ይጠቅማልና። ባልና ሚስቱ ከሣራ ጋራ ሆነው በ1839 ስለ አሜሪካ ባርነት ታላቅ የምስክርነት መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉን ያዘጋጁት የደቡብን ጋዜጦች በብዙ ሺህ ሰብስበው፥ ጌቶች ስለ ኰበለሉ ባሮቻቸው ያወጡትን ማስታወቂያ አንድ በአንድ እያነበቡ ነው፤ ይህኛው ጆሮው የተቈረጠ፥ ያችኛይቱ በጀርባዋ የጅራፍ ጠባሳ ያለባት፥ ሌላው በእግሩ ሰንሰለት የነበረበት፥ እያለ ጌታው ራሱ በገዛ እጁ የጻፈውን። ስለዚህ አንጀሊና በጋዜጣ ወረቀት ላይ የማታውቃቸውን ሰዎች መከራ መፈለግ የለመደች ሴት ነበረች። የገዛ ወንድምዋ ቤት ግን በጋዜጣ አይታተምም ነበረ።

ወንድምዋ ሄንሪ ግሪምኬ በ1801 ተወለደ፤ እርሱም እንደ አባቱ ሕግ ዐዋቂ ነበረ። ሚስቱ ከሞተችበት በኋላ፥ ባሪያው ከነበረችው ከናንሲ ዌስተን ጋራ ከከተማ ውጭ በእርሻው ቤት ኖረ። አርችባልድ በ1849፥ ፍራንሲስ በ1850 ተወለዱለት፤ ሦስተኛው ጆን ግን አባቱ በ1852 ከሞተ በኋላ የተወለደ ነው። ሄንሪ ሲሞት ናንሲንና ልጆችዋን ለታላቅ ልጁ ለሞንታጊው በኑዛዜ አወረሰው፤ እንደ ቤተ ሰብም እንዲያያቸው አደራ አለው።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ላይ ቆም እንበል። አባት ልጆቹን ለልጁ አወረሰ። ውርስ የሚሆነው ቤት፥ መሬት፥ ከብት፥ ዕቃ ነው፤ ወራሽ የሚሆነው ልጅ ነው። በዚህ ኑዛዜ ግን ከአንድ አባት የተወለዱት አንዱ ወራሽ፥ ሌሎቹ ውርስ ሆኑ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ቢሉ በሕግ ነው። ቨርጂኒያ በ1662፥ ደቡብ ካሮላይናም በ1740 ባወጣችው የባሮች ሕግ፥ ከባሪያ ሴት የተወለደ የእናቱን ወገን ይከተላል ተብሎ ተጽፎ ነበረ። በሌላው ነገር ሁሉ ልጅ የአባቱን ስምና ማዕርግ በሚከተልበት አገር በዚህ በአንዱ ብቻ ሥርዓቱ ተገለበጠ፤ የተገለበጠውም እናቶቹን ለማክበር ተብሎ ሳይሆን፥ ጌታ ከባሪያው የወለደው ልጅ ከሀብቱ ላይ ሀብት እንዲጨምርለት ነው። በእኛ አገር የርስት ሥርዓት ሰው በአባቱም በእናቱም ቈጥሮ ይካፈል ነበረ፤ በዚያ አገር የናንሲ ልጆች በእናታቸው ባርነትን ወርሰው በአባታቸው ምንም ሳይወርሱ ቀሩ።

ለሄንሪ የሚከራከርለት ሰው ይኖራል። በደቡብ ካሮላይና ከ1820 ጀምሮ ባሪያን ነጻ ማውጣት የሚችለው የሕግ አውጪው ሸንጎ ብቻ ነበረ፤ በ1841 የወጣውም ሕግ በኑዛዜ ነጻ ለማውጣት የሚደረገውን ዘዴ ሁሉ ከንቱ አደረገው። ስለዚህ ሄንሪ ነጻ ይውጡልኝ ብሎ ቢናዘዝ ኑዛዜው ይፈርስ ነበረ፤ አደራ ማለት ብቻ ቀረለት ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት እኅቶቹ ባርነት በሌለበት በሰሜን ይኖሩ ነበረና መንገዱ አልተሰወረውም፤ በሕይወቱ ሳለ ልጆቹን በመርከብ አሳፍሮ ቢሰድዳቸው ይችል ነበረ። ሕግ ዐዋቂ የሆነ ሰው ሕጉን ያውቃል፤ ሕጉን እያወቀ እስከ ሞቱ ቀን የቈየ ሰው በሕጉ ተገደድሁ ለማለት ድፍረት ያንሰዋል። እኔስ የሄንሪን ኑዛዜ ባሰብሁ ቍጥር፥ ፍቅሩ ውሸት ነበረ ለማለት አልደፍርም፤ ፍቅሩ ከምቾቱ ያነሰ ነበረ ማለት ግን እችላለሁ።

ናንሲ ልጆችዋን ይዛ በቻርልስተን በትንሽ ቤት ተቀመጠች፤ የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኰሰች አሳደገቻቸው። ስምንት ዓመት ያህል ነጻ ሰዎች መስለው ኖሩ። በ1860 ግን ሞንታጊው ለቤቱ አሽከር ፈለገና ወንድሞቹን ወሰዳቸው። ማዕድ ያቀርባሉ፥ እንጨት ይፈልጣሉ፥ ይገረፋሉም። ፍራንሲስ ኰበለለ፤ በጦርነቱ ጊዜ የአንድ የደቡብ መኮንን አገልጋይ ሆኖ ሰነበተ፤ ኋላ ተይዞ ታሰረ፤ ሞንታጊውም ለሌላ መኮንን ሸጠው። የያዕቆብ ልጆች ወንድማቸውን በሸጡ ጊዜ ቢያንስ ወንድማቸው መሆኑን ያውቁ ነበረና ለአባታቸው ልብሱን በደም ነክረው አመጡ፤ ማለት አፈሩ። በሞንታጊው ሽያጭ ግን የሚታፈርበት ነገር አልነበረም፤ ሕጋዊ ገበያ ነበረና። አርችባልድም አምልጦ ጦርነቱ በ1865 እስኪያበቃ ድረስ በዚያው በቻርልስተን ተሸሽጎ ኖረ።

ከጦርነቱ በኋላ ለጥቁሮች በተከፈተ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ትጋታቸውን ያየች መምህርት ወደ ሰሜን እንዲሄዱ ረዳቻቸው፤ በ1866 በፔንሲልቬኒያ በሚገኘው በሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። እንግዲህ ነገሩ ወደ ተነሣንበት ጥያቄ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

በፌብሩዋሪ 1868 አንጀሊና ዕድሜዋ ወደ ስድሳ ሦስት ተጠግቶ፥ በማሳቹሴትስ በቤትዋ ተቀምጣ የባርነት ተቃዋሚዎችን ጋዜጣ ስታነብ፥ ስለ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ የተጻፈ ነገር አገኘች፤ በዚያም ግሪምኬ የሚባል ጥቁር ተማሪ በትምህርቱና በንግግሩ ተመሰገነ። ስሙ እንግዳ ስም ነው፤ በየአገሩ አይገኝም። ወዲያው ለተማሪው ደብዳቤ ጻፈች፤ ከወንድሞቼ የአንዱ ባሪያ ነበርህን ብላ ጠየቀችው። አርችባልድም መለሰ፤ የወንድምሽ የሄንሪ ልጅ ነኝ፥ እናቴም ናንሲ ዌስተን ናት አላት።

እኛ የቅኔ ተማሮች ኅብር የምንለው አለ፤ አንድ ቃል ሁለት ነገር ይዞ ሲገኝ ነው። በአማርኛችን የግሪምኬ ነው ብንል ቃሉ ሁለት ይሆናል፤ የግሪምኬ ገንዘብ ነው ማለት ይሆናል፥ የግሪምኬ ልጅ ነው ማለትም ይሆናል። ነጻ የወጡ ባሮች ብዙዎቹ የጌታቸውን ስም ይይዙ ስለ ነበረ፥ አንጀሊና ስሙን ባየች ጊዜ በፊተኛው አነበበችው፤ እርሱ ግን በኋለኛው መለሰላት። ክፉ ብላ አይደለም በፊተኛው ያነበበችው፤ ዕድሜዋን በሙሉ ባርነትን ስትቃወም የኖረች፥ ስለ ጌቶችና ስለ ባሪያ ሴቶች ነገር በአደባባይ የጻፈች ሴት ናት። ይሁን እንጂ የሌላ ሰው ቤት ምሥጢር ሲገለጥላት የኖረው ያ ሁለተኛ ንባብ፥ በገዛ አባትዋ ስም ላይ ሲመጣ አልታያትም። ሰው የሌላውን ቅኔ ፈትቶ በራሱ ስም የተሰወረውን ሳይፈታ ይኖራል።

የሚያስመሰግናት ከዚህ በኋላ ያደረገችው ነው። ማስረጃ አምጣ አላለችም፤ ወንድሜን አሰደብህ አላለችም። የወንድሜ ልጆች ናችሁ ብላ ጻፈችላቸው፤ በዚያው ዓመት ልጅዋን ይዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዳ በሰው ፊት ተገናኘቻቸው፤ ከእኅትዋ ከሣራ ጋራ ሆና፥ ሁለቱም ባለጠጎች ሳይሆኑ፥ ለትምህርታቸው ረዳች፤ በቤትዋም ተቀበለቻቸው። በ1868 ይህን ያደረገች የደቡብ ሴት እንዳለች ቢጠየቅ መልሱ አጭር ይሆናል።

ነገር ግን ከደብዳቤዎችዋ በአንዱ የጻፈችው አንድ ነገር አለ። ይህ በአንድ ወቅት የተከበረ ስም አሁን በትቢያ ወድቋል፥ እናንተ ስሙን የያዛችሁ ልጆች በመልካም አኗኗራችሁ አንሡት የሚል ምክር ነው። እኔ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ደስም አለኝ፥ ከፋኝም። ደስ ያለኝ የስሙን መውደቅ ስላልሸሸገች፥ ለልጆቹም የስሙን ባለቤትነት ስለ ሰጠቻቸው ነው። የከፋኝ ግን ስሙን በትቢያ የጣሉት እነማን ነበሩ ብዬ ስጠይቅ ነው። የጣለው ቤት የበላይ ሆኖ ኖረ፤ አንሡ የተባሉት ከሥሩ ተረግጠው የነበሩት ናቸው። የተረገጠ ሰው የረገጠውን ስም እንዲያከብር ሲጠየቅ ከእርሱ የሚፈለገው ከፍትሕ ይልቅ ቸርነት ነው፤ ቸርነት ደግሞ ይለመናል እንጂ አይታዘዝም።

እዚህ ላይ በደልንና ዕዳን መለየት ያስፈልጋል። አባት ስላጠፋው ጥፋት ልጅ እንዳይቀጣ ነቢያት ተናግረዋል፤ ጤነኛ አእምሮም ይመሰክራል። አንጀሊና የሄንሪን በደል አልሠራችም፤ ስለዚህም በደለኛ አትባልም። ዕዳ ግን ሌላ ነው። ሟች ያበደረውን ሰብስቦ የሚቀበል ወራሽ፥ ሟች የተበደረውን አላውቅም ሊል አይችልም፤ ወይ ሁለቱንም ይተዋል፥ ወይ ሁለቱንም ይቀበላል። ስም፥ ትምህርት፥ የቤት ክብር፥ ሰው ሲገባ ሲወጣ የሚያገኘው ሰላምታ፥ እነዚህ ሁሉ ውርስ ናቸው፤ ወንጌልን ጠቅሶ በአደባባይ ለመናገር ያበቃት ትምህርትዋም በእነዚያ ባሮች ድካም የተከፈለ ነበረ። የተሸጠ ልጅ ወንድምነቱን ባለመሰማቱ የተወሰደበት ነገር አለና፥ ያን መመለስ ለዘመድ ዕዳ ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ስጦታ ቢሆን ተቀባዩ አመስጋኝ መሆን ይገባው ነበረ። ዕዳ ከሆነ ግን ሰጪው የሚመሰገነው ስለ ታማኝነቱ ብቻ ነው።

ዕዳው በስንተኛው ትውልድ ያልቃል የሚል ይነሣል። የደመወዝን፥ የመሬትን፥ የገንዘብን ዕዳ ማስላት ከባድ ነገር ነው፤ በዚህ ገጽ እፈጽመዋለሁ ብዬ አልመካም። ከዕዳዎቹ ሁሉ አንዱ ግን ስሌት የማይፈልግ፥ በዘመን ብዛትም የማያረጅ አለ፤ ይኸውም ማን የማን ልጅ እንደ ሆነ እውነቱን መናገር ነው።

ለዚህ ዕዳ መክፈያ የሚሆነው መዝገብ በማን እጅ እንዳለ ማስተዋል ደግሞ ይገባል። የጥቁር አሜሪካውያንን ትውልድ የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ ሲሄድ በ1870 ላይ ከግንብ ጋራ ይጋጫል፤ መንግሥቱ ሕዝብ ሲቈጥር ነጻ የወጡትን ሁሉ በስማቸው የጻፈው በዚያ ዓመት መጀመሪያ ነውና። በ1850ና በ1860 ቈጠራ ባሮች የተጻፉት በጌታቸው ስም ሥር ነው፤ ዕድሜ፥ ጾታ፥ የቆዳ መልክ ተመልክቶ ስም የለም። ከጦርነቱ በኋላ እናት ልጅዋን፥ ወንድም እኅቱን በጋዜጣ ይፈልግ ነበረ። በኒው ኦርሊንስ ይታተም የነበረ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሳምንታዊ ጋዜጣ ከ1870ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጠፉ ወዳጆች የሚል ዐምድ ነበረው፤ ደብዳቤውን ለማውጣት የጋዜጣው ደንበኛ ያልሆነ ሰው ኀምሳ ሳንቲም ይከፍላል፤ ቀሳውስቱም በየመንበሩ ለምእመናን እንዲያነብቡት ይለመኑ ነበረ። እኔ በቤተ ክርስቲያን ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው ነኝና፥ የጋዜጣ ገጽ ከዚያ ዐምድ የበለጠ የተከበረ አገልግሎት አግኝቶ ይሆን ብዬ እጠይቃለሁ። እናቴን ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚህ ገበያ ሸጡዋት፥ ጌታዋ እገሌ ይባል ነበረ፥ የሚያውቅ ካለ ይጻፍልኝ፤ የደብዳቤዎቹ ሁሉ ነገር ይህ ነው። አስተውሉ፤ እናትን ለማግኘት በመጀመሪያ የሚጻፈው የሸጣት ሰው ስም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነውና፥ በዳዩ ለገንዘቡ ብሎ የጻፈው መዝገብ ለተበደለው የዘር ሐረግ ሆነ። በዚያው በቻርልስተን አካባቢ ቦል የሚባል ቤተ ሰብ ከ1698 እስከ 1865 ድረስ የሩዝ እርሻ ይዞ ኖረ፤ ባሮች መግዛቱንና ልጆች መወለዳቸውን፥ ብርድ ልብስ ማደሉንም በጥንቃቄ ይጽፍ ነበረ። ከቤተ ሰቡ የተወለደው ኤድዋርድ ቦል እነዚያን መዝገቦች ይዞ የባሮቹን ልጅ ልጆች በየቤታቸው እየሄደ ፈለገ፤ በ1998ም ያገኘውን በመጽሐፍ አሳተመ። አባቶቹ የገዟቸው ሰዎች ዝርያ ዛሬ ከሰባ አምስት ሺህ እስከ መቶ ሺህ ይደርሳል ብሎ ገመተ። በ1756 ከሴራሊዮን በመርከብ ተጭና መጥታ የተሸጠች፥ የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረች፥ ፕሪሲላ ብለው የሰየሟት ሕፃን አለች፤ ከእርስዋ ጀምሮ እስከ ዛሬ ያለው ሐረግ ሳይቋረጥ ተገኘ። የተገኘውም ገዢዋ ሒሳብ አዋቂ ስለ ነበረ ነው። ቦል የፈጸመው ሥራ መዝገቡን ለባለ መብቶቹ ማድረስ ነው። ያን ጊዜ ከዘመዶቹ የሞተውን ነገር ምን ያስቈፍርሃል ያሉት እንደ ነበሩ ራሱ ተናግሯል፤ ሳይቀበሩ የቀሩ ሰዎች ግን መቈፈር አያስፈልጋቸውም።

ማወቅ ብቻውን መቀበል እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላም አለ። የአሜሪካ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ከባሪያው ከሳሊ ሄሚንግስ ልጆች ወልዷል የሚለው ነገር ሁለት መቶ ዓመት ያህል ካከራከረ በኋላ፥ በ1998 በደም ምርመራ ተደገፈ። በ2002 ግን የጄፈርሰን ዝርያዎች ማኅበር ተሰብስቦ የሄሚንግስን ዝርያዎች በማኅበሩና በመቃብር ስፍራው አላስገባም ብሎ በብዙ ድምፅ ወሰነ። ደሙ መሰከረ፥ ዘመድ ግን አልተቀበለም። በዚህ አንጻር አንዲት አሮጊት ሴት ከጋዜጣ ስም ብቻ አንብባ፥ ምርመራ ሳትሻ ያደረገችው ምን ያህል እንደ ሆነ ይታያል።

በሩቁ አገር ስፈርድ የእኛን አገር የረሳሁ አይምሰል። በኢትዮጵያም ባርነት በዐዋጅ እስከ ተሻረበት እስከ 1942፥ በእኛ አቈጣጠር እስከ 1934 ድረስ፥ በየትልቁ ቤት ማጀት ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ዘር ሲቈጠር ከአባቱ ስም ቀጥሎ ሊጠራ የሚገባው፥ ግን የተዘለለ ልጅ በእኛ ዘንድ የለም የሚል ሰው ቢመጣ፥ እኔ ምስክር አልሆነውም።

ወደ ግሪምኬ ልጆች እንመለስ። አርችባልድና ፍራንሲስ በ1870 ትምህርታቸውን ፈጸሙ። አርችባልድ በሐርቫርድ ሕግ ተምሮ በ1874 ወጣ፤ ጠበቃና ደራሲ ሆነ፤ ከ1894 እስከ 1898 በሳንቶ ዶሚንጎ የአሜሪካ ቆንስል ሆኖ አገለገለ። ፍራንሲስ በፕሪንስተን ነገረ መለኮት ተምሮ በ1878 ከጨረሰ በኋላ በዋሽንግተን በጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ካህን ሆኖ ብዙ ዘመን ሰበከ። ሁለቱም ስለ ወገናቸው መብት እስከ እርጅና ተከራከሩ፤ አርችባልድ በ1930፥ ፍራንሲስ በ1937 ሞቱ። ዛሬ የግሪምኬ ስም በታሪክ የሚጠራው በሁለቱ እኅቶችና በእነዚህ ሁለት ወንድማማቾች ነው፤ ሞንታጊው የሚጠራው ወንድሙን በመሸጡ ብቻ ነው። በ2022 ኬሪ ግሪኒጅ የተባለች የታሪክ ሊቅ ስለዚህ ቤት ሰፊ መጽሐፍ ጻፈች፤ የእኅቶቹንም ምስጋና ከጕድለታቸው ጋራ መዘነችው፤ ደግ አደረገች።

አርችባልድ በ1880 ለተወለደች አንዲት ልጁ የአክስቱን ስም ሰጣት፤ አንጀሊና ዌልድ ግሪምኬ አላት። ይህች ልጅ ደራሲ ሆነች፤ ራሔል የሚል ተውኔት ጽፋ በ1916 በዋሽንግተን ታየ። በተውኔቱ ያለችው ወጣት ሕፃናትን እጅግ ትወዳለች፤ ነገር ግን በአገሩ ጥቁሮች ያለ ፍርድ የሚሰቀሉበትን፥ ሕፃናቱም የሚሰደቡበትን አይታ ልጅ አልወልድም ትላለች። ደራሲዋም ራስዋ ሳትወልድ በ1958 ሞተች። ስለዚህ የሄንሪንና የናንሲን ዝርያ በአርችባልድ በኩል የሚፈልግ ሰው እዚያ ላይ ይቆማል። ፍራንሲስም አንዲት ልጅ ወልዶ ነበረ፤ በሕፃንነትዋ ሞታበታለች።

አንድ ጥያቄ ግን አልተወኝም። ጋዜጣው ተማሪውን ያነሣው ስላመሰገነው ነው። ያ ልጅ ትምህርት ያልገባው፥ ንግግር የማያውቅ፥ በቻርልስተን ወደብ ጭነት የሚሸከም ቢሆን ኖሮ ስሙ በጋዜጣ አይወጣም፤ አክስቱም አታገኘውም ነበረ። ብታገኘውስ ስሙን ከትቢያ አንሣ የሚለውን ምክር እንዴት ትጽፍለት ነበረ? ለተመሰገነ ዘመድ በር መክፈት ቀላል ነው፤ እንግዳው ራሱ ክብር ይዞ ይገባልና። ዘመድነት በሥራ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ዘመድነት መሆኑ ይቀራል፤ ሹመት ይሆናል።

ሦስተኛው ልጅ ጆን ነበረ። አባቱን ያላየ፥ በእናቱ ማሕፀን ሳለ በኑዛዜ የተወረሰ ነው። እርሱም እንደ ወንድሞቹ ወደ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ነበረ፤ ትምህርቱን ግን ሳይፈጽም ወጣ፤ ከወንድሞቹም ተለይቶ ኖረ። የሁለቱ ደብዳቤዎች ዛሬ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በብዙ ሣጥን ተጠብቀው ይገኛሉ፤ በእነርሱ ታሪክ ውስጥ እርሱ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። እኔም በዚህ ጽሕፈት እስከ አሁን ድረስ እንዲሁ አልፌው ነበረ።